ያልተጠየቀች ወዳጅ

በአማርኛችን «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው፣ የማያውቁትን ነገር ለማወቅ «ይህ ምንድር ነው? ያ እንዴት ሆነ?» ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የታመመውን፣ የታሰረውን፣ ኀዘን የደረሰበትን ሰው ካለበት ድረስ ሄዶ ማየት ነው። «ጠያቂ የሌለው ሰው» ሲባል ደጁን የሚረግጥለት ዘመድና ወዳጅ ያጣ ማለት እንደ ሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው ትልቅ ምስጢር አለው። የወዳጁን ኑሮ በእውነት ለማወቅ የሚሻ ሰው ከተቀመጠበት ተነሥቶ መሄድ አለበት፤ ሄዶም አፉን ዘግቶ ከተመለሰ ጠየቀ አይባልም።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ በአሜሪካ አገር የተሠራ አንድ ፊልም ነው። ስሙ «ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» ይባላል፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ «አስመሳይ ሕይወት» እንደ ማለት ነው። ታሪኩን መጀመሪያ የጻፈችው ፋኒ ኸርስት የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ስትሆን፣ መጽሐፉ በ1933 ታተመ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።) በዓመቱ በ1934 ጆን ስታል የተባለ አዘጋጅ ወደ ፊልም ለወጠው። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ በ1959 ደግሞ ዳግላስ ሰርክ ታሪኩን ብዙ አሻሽሎ እንደ ገና ሠራው። ሰርክ በጀርመን አገር በሐምቡርግ የተወለደ፣ ናዚዎች ሥልጣን ይዘው ሳሉ በ1937 አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ነበር። ሰውን በዘሩ የሚለይ መንግሥት ምን እንደሚመስል በዓይኑ አይቷል። ይህም ፊልም በሆሊውድ የሠራው የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

ስለ ፊልሙ ብዙዎች የሚያነሡት ነጭ ለመምሰል የገዛ እናቷን የካደችውን የጥቁር ልጅ ታሪክ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ እጅግ ልብ የሚነካ ታሪክ ነውና። እኔ ግን ዛሬ ልጽፍ የምሻው ከዚያ ጎን ለጎን ስለሚሄደው፣ ድምፁም ዝቅ ስላለው ነገር፣ ይኸውም ስለ ሁለቱ እናቶች ወዳጅነት ነው። ልጅ እናቷን መካዷ በደል መሆኑን ማንም ያየዋል። ወዳጅ ወዳጁን እየወደደው እንዴት ሊበድለው እንደሚችል ለማየት ግን ዓይንን ማሸት ያስፈልጋል።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1947 በኒውዮርክ ከተማ ኮኒ አይላንድ በሚባለው የባሕር ዳር መዝናኛ ነው። ሎራ ሜሬዲት የምትባል ባሏ የሞተባት ነጭ ሴት፣ ትንሽ ልጇ ሱዚ በሕዝቡ መካከል ጠፍታባት ትባዝናለች። ልጅቱን አግኝታ ከገዛ ልጇ ጋር እያጫወተች ያቆየቻት አኒ ጆንሰን የምትባል ጥቁር ሴት ናት። የአኒ ልጅ ሣራ ጄን መልኳ እጅግ የነጣ ስለ ሆነ፣ ሎራ አኒን የልጅቱ ሞግዚት ናት ብላ ታስባለች። አኒም እናቷ መሆኗን በትሕትና ትነግራታለች። ልብ አድርጉ፤ ወዳጅነታቸው የተጀመረው ሎራ ሳትጠይቅ በገመተችው ስሕተት ነው። ስሕተቱ ቀላል ነው፤ ክፋትም የለበትም። ነገር ግን የፊልሙ አዘጋጅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ያስቀመጠው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

አኒና ልጇ ማደሪያ የላቸውም። ሎራም ራሷ ድሃ ናት፤ ነገር ግን ደግ ልብ አላትና ለአንዲት ሌሊት በቤቷ እንዲያድሩ ትፈቅዳለች። ያች አንዲት ሌሊት ከዐሥር ዓመት በላይ ሆነች።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ጥቁርና ነጭ ምን ያህል ተራርቀው ይኖሩ እንደ ነበር ወጣት አንባቢ ሊያስታውስ ይገባል። በደቡቡ ክፍል ትምህርት ቤቱ፣ የአውቶቡስ መቀመጫው፣ የመጠጥ ውሃው ቧንቧ ሳይቀር በሕግ የተለየ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ የፈረደው በ1954 ነው፤ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ የሚከለክሉትን ሕጎች የሻረው ደግሞ ፊልሙ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1967 ነው። በሰሜኑ ክፍል ሕጉ እንዲህ ባይከርም፣ ልዩነቱ በልማድና በሰው ልብ ውስጥ ነበረ። እንዲህ ባለው አገር ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጣራ ሥር ኖረው፣ ልጆቻቸውን አብረው ማሳደጋቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ስለዚህ የሎራን ደግነት ማቃለል ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ሎራ ተዋናይ ለመሆን ትመኛለች። አኒ ምግቡን ታበስላለች፤ ልብሱን ታጥባለች፤ ሁለቱን ልጆች ትጠብቃለች። ስልክ ሲደወልም እንደ ትልቅ ቤት ገረድ ሆና «የሚስ ሎራ ሜሬዲት መኖሪያ ነው» ብላ ትመልሳለች። ይህን የምታደርገው ደዋዩ ሎራን ስም ያላት ሰው ናት ብሎ እንዲገምት ነው። ይህች ትንሽ ማስመሰል ሁለቱንም የምታስቅ የወዳጅ ተንኮል ትመስላለች። ነገር ግን ዓመታቱ ካለፉ በኋላ ሎራ በእውነት ስም ያላት ተዋናይ ሆነች፤ አኒም በእውነት የትልቅ ቤት ገረድ ሆና ቀረች። አንዷ ያስመሰለችው ክብር ሆኖ ደረሰላት፤ ሌላዋ ለወዳጇ ስትል ያስመሰለችው ዕጣዋ ሆኖ ቀረ። የፊልሙ ስም «አስመሳይ ሕይወት» መባሉ በሣራ ጄን ብቻ ተነሥቶ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን የስልክ ነገር ደግመው ይመልከቱት።

ሌላም ነገር አለ። ሎራ ወዳጇን «አኒ» እያለች ትጠራታለች። አኒ ግን ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሞተችበት ሰዓት «ሚስ ሎራ» ትላታለች። በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንዷ «አንቺ»፣ ሌላዋ «እርስዎ» እየተባባሉ ከዐሥር ዓመት በላይ ኖሩ እንደ ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጠውን «እርስዎ» ማለት የጨዋ ልጅ ወግ ነው። እዚህ ግን አክብሮቱ ከአንድ ወገን ብቻ የሚሄደው በዕድሜ ምክንያት አይደለም። ሎራም አንድ ቀን እንኳ «ለምን ስሜን ብቻ አትጠሪኝም?» ብላ ስትናገር አንሰማም።

ታሪኩ ወደ 1958 ሲሻገር ሎራ የታወቀች ተዋናይ ሆናለች፤ ትልቅ ቤት አላት፤ ልጇ ሱዚ በውድ ትምህርት ቤት ትማራለች። አኒ ቤቱን ታስተዳድራለች። ሎራ በሥራዋና በጉዞዋ ተይዛ ስትውል የሱዚን ልብ የምታውቀው አኒ ናት። ሱዚ ስቲቭ የተባለውን የእናቷን ወዳጅ ማፍቀሯን ሎራ የምትረዳው ከአኒ አፍ ነው። እንግዲህ አኒ የሎራን ልብስ፣ የሎራን ሥራ፣ የሎራን ወንድ ወዳጅ፣ የሎራን ልጅ ምስጢር ሁሉ ታውቃለች። ሎራ ስለ አኒ የምታውቀው ምንድር ነው? የምታውቀው አኒ በቤቷ ውስጥ የምትሠራውን ብቻ ነው። አኒ ከቤቱ ደጃፍ ስትወጣ ለሎራ ከዓለም የጠፋች ያህል ነበረች።

ይህን የሚያሳይ አንድ ንግግር በፊልሙ ውስጥ አለ። አኒ ስለ ቀብሯ ታነሣለች፤ ሥርዓቱ ያማረ እንዲሆን እንደምትመኝና ለዚያም ገንዘብ እንዳስቀመጠች ትናገራለች። የሚያውቋት ብዙ ሰዎች እንዳሉ፣ በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያንና በልዩ ልዩ ማኅበሮች ውስጥ እንደምትገኝ ስትገልጽ ሎራ ትገረማለች። አኒ ይህን ያህል ወዳጅ እንዳላት ከቶ አስባው እንደማታውቅ ትነግራታለች። አኒም ያለ ቁጣና ያለ ወቀሳ፣ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት እንደማታውቅ በአጭር ቃል ትመልስላታለች። ነገሩ በዚህ ያልፋል፤ ማንም አያለቅስም፤ ሙዚቃውም ከፍ አይልም። ለእኔ ግን የዚህ ፊልም ልብ ያለው በዚህ ነው።

ማኅበሮቹ ምን እንደ ነበሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። የአሜሪካ ጥቁሮች ከባርነት ዘመን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያንና በመረዳጃ ማኅበር ተሰባስበው የታመመውን ሲጠይቁ፣ የሞተውን በክብር ሲቀብሩ ኖረዋል። ይህም ከእኛ እድር ጋር ወንድማማች ነው። በቁሙ ያላከበረው አገር በሞቱ እንዳይንቀው፣ ድሃው ከጥቂት ገንዘቡ እየቈጠበ ለቀብሩ ያስቀምጥ ነበር። የአኒ ምኞት ከንቱ ውዳሴ ፍለጋ የሚመስለው እድር ምን እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ ግን በቀብሩ ቀን የተሰበሰበው ሕዝብ የሟቹ የኑሮ ምስክር መሆኑን እናውቃለን።

ሎራ መልሱን ከሰማች በኋላስ ምን አደረገች? ልትጠይቅ ትችል ነበር። «እነዚህ ወዳጆችሽ እነማን ናቸው? በሚመጣው እሑድ ከአንቺ ጋር ቤተ ክርስቲያን ልሂድ?» ማለት ይበቃ ነበር። እንዲህ ስትል አናይም። ኑሮዋ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል። አለማወቅ ያልተነገረው ሰው ዕዳ አይሆንም፤ ከተነገረው በኋላ ግን አለመጠየቁ በፈቃዱ የተመረጠ ነገር ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስፍራ አለ። ሎራ እንግዶች ተቀብላ ሳለች ሣራ ጄን ምግብ በትሪ አድርጋ፣ ትሪውን በራሷ ተሸክማ፣ እንደ ጥንት ባሪያ አነጋገሯን አጣማ ትገባለች። እንግዶቹ ይደነግጣሉ። ሎራ ልጅቱን ለብቻዋ ጠርታ ትገሥጻታለች፤ እርሷም ሆነች ሱዚ አንድ ቀን እንኳ ለይተው አይተዋት ያውቁ እንደ ሆነ ትጠይቃታለች። ሣራ ጄንም እንዳልበደሏት ታምናለች። እዚህ ላይ ሎራ ጥያቄ አቅርባለች፤ ግን ጥያቄው ስለ ራሷ ደግነት ነው። «እኔ ክፉ ነበርሁ ወይ?» ብላ ጠየቀች፤ «አንቺን ምን አመመሽ?» ብላ አልጠየቀችም። ብዙ ደግ ሰው እንዲህ ነው። የተጎዳ ሰው ሲጮህ ሲሰማ ቶሎ ብሎ የሚመረምረው የራሱን ንጽሕና ነው፤ ራሱን ንጹሕ ሆኖ ካገኘው የጮኸውን ሰው ዝም እንዲል ያዘዋል።

የ1934ቱን ፊልም ከዚህኛው ጋር ማስተያየት ጠቃሚ ነው። በዚያ ክሎዴት ኮልቤር የተጫወተቻት ነጭ ሴት፣ ሉዊዝ ቢቨርስ የተጫወተቻትን ደሊላ የተባለች ጥቁር ሴት ምግብ አሠራር ተጠቅማ፣ የደሊላን ሥዕል በዕቃው ላይ አትማ፣ በፓንኬክ ዱቄት ንግድ ባለ ጸጋ ትሆናለች። ለደሊላም ከመቶ ሃያ እጅ ልትሰጣት ትነሣለች፤ ደሊላ ግን ከቤቱ እንዳትለይ ብቻ ትለምናለች። አንድ ምሽት ሁለቱ ሲለያዩ ነጯ ደረጃውን ወደ ላይ፣ ጥቁሯ ወደ ታች ይሄዳሉ። በዚያ ፊልም በደሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሊታይ ይችላል። ምግቡ የማን ነበር? ትርፉ ለማን ሄደ? ተመልካቹ ደምሮ ቀንሶ ይፈርዳል።

ሰርክ ይህን የንግድ ነገር ሙሉ በሙሉ አወጣው። በእርሱ ፊልም ሎራ ዝና ያገኘችው በራሷ ሥራ ነው፤ ከአኒ የሰረቀችው ነገር የለም። በዚህ ምክንያት ነገሩ የቀለለ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ግን እጅግ ከበደ። በመጀመሪያው ፊልም ዕዳው ከመቶ ሃያው ሰማንያ ቢሆን ኖሮ ሊከፈል ይችል ነበር። አኒ ለሎራ የሰጠችው ግን ጊዜዋን፣ ትዕግሥቷን፣ የእናትነት ጉልበቷን ነው። ይህን የሚመዝን ሚዛን የለም። እንዲህ ላለው ዕዳ ወዳጅ ሊከፍል የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሰጪውን ሕይወት እንደ ራሱ ሕይወት ቈጥሮ ማወቅ ነው። ሎራ ያልከፈለችው ይህን ነው።

ለእውነት ስንል የአኒንም ድርሻ እንመርምር። ትዕግሥቷ ከልክ ያለፈ ነው የሚሉ አሉ። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» የሚለው ተረት ለላሹ የተነገረ ምክር ነው፤ ማሩም ግን አንዳንድ ጊዜ እንስራውን መክደን ነበረበት ሊባል ይችላል። አኒ ብትናገር፣ ብትቈጣ፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ደከመኝ» ብትል ወዳጅነቱ ይጠነክር ነበር ይሆናል። ይህ አሳብ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን አኒ ቤትና እንጀራ ያገኘችው በሎራ ዘንድ ነው፤ ከዚያ ቤት ብትወጣ ልጇን ይዛ የምትገባበት የለም። ጣራው የሌላ ሰው የሆነበት ወዳጅ ንግግሩን ይመጥናል። ስለዚህ መጀመሪያ የመጠየቅ ግዴታ ያለበት ብዙ የሚያጣው ሳይሆን ጥቂት የሚያጣው ነው።

አኒ ራሷ መጠየቅን እንዴት እንደምታውቅበት ተመልከቱ። ሣራ ጄን ትንሽ ሳለች በረዶ በወረደ ቀን አኒ የዝናብ ጫማ ይዛላት ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። ልጅቱ በክፍሏ ነጭ መስላ ትማር ኖሮ፣ እናቷ በበሩ ስትቆም ምስጢሯ ይገለጣል። ከዓመታት በኋላ ሣራ ጄን ከቤት ኰብልላ በካሊፎርኒያ በጭፈራ ቤት ስትቀጠር፣ አኒ በሕመም እየደከመች አገሩን አቋርጣ ትሄዳለች። የልጇ ባልንጀራ ድንገት ስትገባባቸው አኒ የልጇን ውሸት ለማዳን ብላ ራሷን ቀድሞ ያሳደገቻት ሞግዚት አድርጋ ታቀርባለች፤ ተሰናብታም ትወጣለች። በመጀመሪያው ቀን በባሕሩ ዳር ሎራ በስሕተት የሰጠቻትን ስም አሁን በፈቃዷ ተቀበለችው። ያልተፈለገችበት ድረስ ሄዳ የጠየቀችው እርሷ ናት። ሎራ ግን በአንድ ቤት ውስጥ ካሉት ክፍሎች ወደ አንዱ ተሻግራ አልጠየቀችም።

አኒ በአልጋዋ ላይ ሆና ስትናዘዝ፣ ያን ጊዜ ድሃ ሳሉ ይታገሣቸው ለነበረው ወተት አመላላሽ ገንዘብ እንዲላክለት ታዛለች። ሎራ ሰውየውን ረስታዋለች፤ አኒ ግን አልረሳችውም። ሎራ «ጥለሽኝ አትሂጂ» እያለች ታለቅሳለች። ልቅሶዋ የውሸት አይደለም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፣ በዚያች ሰዓት ሎራ ከልቧ አልቅሳለች። የታሪኩ መራራነት በዚህ ነው፤ ፍቅሩ እውነተኛ ነበረ፤ ዕውቀቱ ግን አልነበረም።

ቀብሩ አኒ እንደ ተመኘችው ሆነ። ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፤ የታወቀችው የመንፈሳዊ መዝሙር ዘማሪት ማሄሊያ ጃክሰን ትዘምራለች፤ ሬሳው በአራት ነጫጭ ፈረሶች በሚሳብ ሠረገላ ይጫናል፤ የማኅበሩ አባሎች ልዩ ልብሳቸውን ለብሰው ይሰለፋሉ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሕዝብ ቆሟል። ሣራ ጄን ሕዝቡን ጥሳ መጥታ በሬሳ ሣጥኑ ላይ ወድቃ ታለቅሳለች። ተመልካቹ ሁሉ በዚህ ጊዜ ወደ ልጅቱ ያያል። እኔ ግን ሕዝቡን እንድታዩ እለምናችኋለሁ። ያ ሁሉ ሰው ማን ነው? በዚያ ሁሉ ዓመት የት ነበረ? ሎራ በቤቷ ውስጥ ታኖራት የነበረችው ሴት በከተማው ውስጥ ትልቅ ሰው ኖራለች። ወዳጇን መጀመሪያ ያወቀቻት በቀብሯ ቀን ነው።

አንዳንድ ሐያሲዎች ይህን ፊልም ሴቶችን ለማስለቀስ የተሠራ ተራ ነገር ነው ብለው ንቀውት ነበር። ሌላ ከበድ ያለ ነቀፌታም አለ። ፊልሙ ራሱ አኒን አልጠየቃትም ይባላል። ካሜራው ሎራን ተከትሎ ወደ ቲያትር ቤት፣ ወደ ግብዣ፣ ወደ ልብስ መለኪያ ይሄዳል፤ ከአኒ ጋር ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኗ አንድ ቀን እንኳ አልሄደም፤ ከወዳጆቿም ጋር አላስተዋወቀንም። ይህ እውነት ነው። እኔም መጀመሪያ ስመለከተው እንደ ጉድለት ቈጥሬው ነበር። በኋላ ግን አሳቤን ለወጥሁ። ከፊልሙ መጀመሪያ ጀምሮ በሎራ ጌጥና ልብስ ዓይናችን ተይዞ ሳለ፣ እኛም «አኒ ዛሬ የት ዋለች?» ብለን አልጠየቅንም። ቀብሩ ሲመጣ እንደ ሎራ እኛም እንደነግጣለን። በመጀመሪያው ላይ የተዋናዮቹ ስም ሲጻፍ የሚያብረቀርቁ የመስተዋት ፈርጦች ከላይ እየወረዱ ሸራውን ይሞሉታል፤ አዘጋጁ ዓይናችን በምን እንደሚታወር ከጅምሩ ነግሮን ነበር።

ከፊልሙ ውጭ የሆነውም ነገር ታሪኩን ይመስላል። ሎራን የተጫወተችው ላና ተርነር በዚያ ዘመን ስሟ የገነነ ነበረች። አኒን የተጫወተችው ሁዋኒታ ሙር ለኦስካር ሽልማት ታጨች፤ የታጨችው ግን በአጋዥ ተዋናዮች መደብ ነው። ሣራ ጄንን የተጫወተችው ሱዛን ኮነርም በዚያው መደብ ታጭታ ነበር፤ ሁለቱም አላሸነፉም። የታሪኩ ምሰሶ የሆነችው ሴት «አጋዥ» ተባለች ማለት ነው። ሁዋኒታ ሙር ከታጨች በኋላ የምታገኘው ሥራ እንዳነሰባት ራሷ ተናግራለች። ተመሰገነች፤ ነገር ግን ሌላ ምን መሥራት እንደምትችል የጠየቃት ጥቂት ነው። በ2014 በዘጠና ዘጠኝ ዓመቷ ዐረፈች። ፊልሙም በ2015 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ውስጥ እንዲጠበቅ ተመረጠ።

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። ይህን ፊልም ባየሁበት ምሽት ብዙ አለቀስሁ። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ በር የከፈተችልኝ ሴት ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረች፣ በታመምሁ ጊዜ ያስታመመችኝ፣ «እንደ እኅቴ ናት» እያልሁ ለሰው የምናገርላት ናት። የአባቷን ስም እንደማላውቅ በዚያች ሰዓት ተገነዘብሁ። በማግሥቱ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጬ የአባቷን ስም፣ የተወለደችበትን ስፍራ፣ እሑድ እሑድ የምትሄድበትን ቤት ጠየቅኋት። ሲኒውን አስቀምጣ፣ ፊቷ ተለውጦ፣ «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «መጠየቅ» ሦስተኛ ትርጕም እንዳለው ያን ጊዜ አስታወስሁ፤ ጥፋት የተገኘበት ሰውም «ተጠያቂ» ይባላል። ያች ሴት በስድስት ዓመት ውስጥ ከእኔ የምታውቀው ጥያቄ ይህ ሦስተኛው ብቻ ነበር። ዕቃ ሲሰበር፣ ወጥ ሲያር፣ ገንዘብ ሲጐድል ጠይቄአት ዐውቃለሁ። እኅቴ ናት እያልሁ በአደባባይ የተመሰገንሁበት ደግነት ይህን ያህል ነበረ። መልሱን ያገኘሁት ብዙ ቀን ቆይቶ፣ ጥፋት ፈልጌ እንዳልሆነ ካመነች በኋላ ነው።

ወጣት አንባቢዎቼ፣ እናንተ ወዳጅ የምታበዙበት ዕድሜ ላይ ናችሁ። በትምህርት ቤት ማስታወሻውን የሚያበድራችሁ፣ ስትታመሙ ተራችሁን የሚሠራላችሁ፣ ችግራችሁን ስታወሩለት ሌሊቱን የሚያዳምጣችሁ ጓደኛ ይኖራችኋል። ስለ እርሱ ምን ታውቃላችሁ? እናቱ በሕይወት አለች? እሑድ ወዴት ይሄዳል? ቢሞት ማን ማን ይቀብረዋል? መልሱን ካላወቃችሁ፣ ያ ሰው እናንተን ይወዳችኋል፤ እናንተ ግን የምትወዱት አገልግሎቱን ሊሆን ይችላል። በቤታችሁም ምግብ የምታቀርብላችሁ ሴት ካለች ስሟን ብቻ ይዛችሁ አትቅሩ። አጥብቃችሁ አትመርምሯት፤ ልትነግራችሁ የማትሻው ካለ የራሷ ነው። ነገር ግን መንገር ብትፈልግ የሚሰማት ሰው እንዳለ ትወቅ።

ሎራ ሜሬዲት ክፉ ሴት አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ ፊልሙን አይተን «እኔ እንደ እርሷ አይደለሁም» ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። ደግ ስለ ሆነች ግን ልባችን አያርፍም። በልጅዋ ሠርግ፣ በበሽተኛዋ አልጋ፣ በድሃዋ ደጅ ለመገኘት ገና ጊዜ ያለን ሰዎች፣ ያን የነጭ ፈረሶች ሠረገላ ሳንጠብቅ ተነሥተን እንጠይቅ።